ደባሌ ናት

አብሮኝ ይኖር የነበረው ሰውዬ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሶሲዮሎጂ ያስተምራል። እህቴ «አቶ ተቋም» የሚል ስም አውጥታለታለች፤ ጋብቻ በተነሣ ቁጥር «ተቋም» ሳይል አያልፍማ።

ዘጠኝ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተናል። መቼ ነው የምንፈራረመው ስለው ትምህርቱን ይጀምራል። አንዳንድ ምሁራን ጋብቻን ማኅበረሰቡን ያቆመ ምሰሶ ያደርጉታል፣ ሌሎቹ ሴትን የሚያስር የንብረት ውል ይሉታል፤ እሱ ግን ከሦስተኞቹ ጋር ነው። «ዋናው ወረቀቱ አይደለም። እኛ ለግንኙነታችን የምንሰጠው ትርጉም ነው» ይለኛል፣ እኔ ሳህን እያጠብኩ። ሞኝ ነኝና ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ እናቱ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊያሠሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ከክፍለ ሀገር መጡ። እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ ክሊኒኬ ከመኖሪያዬ ሥር ነው። በር ላይ ሻንጣቸውን ስቀበላቸው «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አሉት። ትርጉም ሰጪው ጉሮሮውን ጠራረገና «ደባሌ ናት፤ ኪራይ እንጋራለን» አላቸው። ቤቱ የእኔ፣ አልጋው የእኔ፣ ደባሏም እኔ! ሰው ፊት አላዋርደውም ብዬ ዋጥኩት። ለብቻው ይዤ ምን ነካህ ስለው «ነገ እነግራታለሁ፣ ሙች! ለዛሬ ሶፋው ላይ ተኚልኝ» አለ። እኔም ተኛሁለት።

በማግስቱ እናቱ የሕክምና ወንበሬ ላይ ጋደም አሉ። እሱ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ልጄ፣ ደባሉ ነሽና ጠባዩን ታውቂዋለሽ» አሉኝ። «ሽበት አወጣ እኮ! እስቲ አንድ ጨዋ ልጅ ፈልጊለት።»

አየሁት። እሱ ጫማውን ያያል።

«እማዬ፣ እሷ ሥራ ይበዛባታል» ብሎ እርፍ!

ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። የጥርስ ልክ የሚወሰድበትን ሊጥ መሳይ ነገር አፋቸው ውስጥ አስገባሁና «እስኪጠነክር ድረስ እንዳይናገሩ፣ እማማ» አልኳቸው። ወደ እሱ ዞርኩ።

«በል፣ አሁን የሚያቋርጥህ የለም። ንገራቸው።»

አቶ ተቋም ማስተማሩን ተያያዘው። «እማዬ፣ በዘመናዊ ማኅበረሰብ ውስጥ ጋብቻ እንደ ተቋም...» ስለ ግለሰብ ነፃነት አለ፣ ስለ ጥናቶች አለ፣ ሰዎች ሳይጋቡ ለምን አብረው እንደሚኖሩ አብራራ። እናቱ በዓይናቸው ብቻ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ያያሉ። ያን ሁሉ ሲለፈልፍ እኔን አንዴም አላነሣኝም።

«ዘጠኝ ዓመት እንደ ባልና ሚስት ኖረናል፣ እማማ» አልኩ እኔው ራሴ። «ደባሉ አይደለሁም።» በእሱ ፈንታ እኔ ማፈሬ ደግሞ የባሰ አናደደኝ።

ልኩን አወጣሁላቸው። ተጉመጠመጡና ተፉ።

«እውነቷን ነው?» አሉት።

ላብ አጠመቀው። «አዎ... እሺ፣ እሺ፣ እንጋባለን! በዚሁ ሳምንት እንፈራረማለን!»

ወረቀቱ ድንገት ዋና ሆነና አረፈው። ቢሆንም ዘጠኝ ዓመት የጠበቅኩት ቃል ነው፤ አልዋሽም፣ ልቤ ደንገጥ አለ። መልስ ልሰጠው አፌን ስከፍት እናቱ ክንዴን ያዙኝ።

«አታግቢው፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔን ፈርቶ ነው እንጂ አንቺን ወድዶ አይደለም።»

አላገባሁትም።