የግንቡ እራት በቡሪ

ረሺዳ የምትደውለው ሁልጊዜ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ነው። ከዶሃ ትደውልና ስለ መብራት ሳትጠይቅ፣ ስለ ውሃ ሳትጠይቅ፣ «አባቴ በላ?» ትላለች። እዚህ ላይ የቤቱ ሠራተኛ የሙሚና ምላስ ይተሳሰራል። መዋሸት አቅቷት አይደለም፤ እሱንማ በጦርነቱ ጊዜ ተክናበታለች። ግን ረሺዳ ተንኮለኛ ናት፤ «ወላሂ በይ» ትላታለች፤ ሙሚና ደግሞ የአላህን ስም ጠርታ የምትዋሽ ሰው አይደለችም። «ትንሽ ቀምሰዋል» ትላለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ባለፈው ሳምንት ረሺዳ ቁርጡን ተናገረች። ከዒድ በፊት ካርቱም እገባለሁ፣ አባቴን እንዲህ አጥንቱ ገጥጦ ካገኘሁት ይዤው እመለሳለሁ፣ ቤቱም ይዘጋል አለች። ሙሚና ስልኩን አስቀምጣ ድስት ማጠብ ጀመረች። ስትናደድ ድስት ታጥባለች፤ የታጠበ ድስት ቢሆንም መልሳ ታጥበዋለች።

የረሺዳ አባት ዶክተር በሽር ጡረታ የወጡ የከብት ሐኪም ናቸው። ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ውስጥ፣ እዚሁ ቤት አግብተው፣ እዚሁ ወልደው፣ እዚሁ አረጁ። ባለቤታቸው ሀኒፋ በጦርነቱ ሁለተኛ ዓመት መድኃኒት ጠፍቶ ሞቱባቸውና እዚያው ቡሪ መቃብር ተቀበሩ፤ ሽማግሌው በየጁምዓው በትራቸውን ይዘው ሄደው ሲያጫውቷቸው ይውላሉ። ይህን ሰው ነቅሎ ዶሃ ፎቅ ላይ ማስቀመጥ መግደል መሆኑን ሙሚና ታውቃለች። እሷም ብትሆን ከወሎ ገና ልጅ ሳለች መጥታ እዚህ ቤት ነው ሰው የሆነችው። ጎረቤቱ ሁሉ ነፍሴ አውጪኝ ሲል እሷ አልሸሸችም። እሳቸው ከሄዱ የት እንደምትገባ ማሰብ ስለሚያስፈራት አታስበውም።

አንጀቷን የሚያሳርራት የማይበሉበት ምክንያት አለመታወቁ ነው። በሽታ እንዳይባል፣ የሰፈሩ ፋርማሲስት አይቷቸው ምንም የለባቸውም ብሏል። ምግብ ጠፋ እንዳይባል፣ ያ የከበባ ዘመን አልፏል፤ ሱቁ ተከፍቷል፣ ጓዳው ዱቄቱም ዘይቱም ምስሩም አለበት። ታዲያ ምን ብትሠራ፣ ምን ብታጣፍጥ፣ ሰውየው ሦስት አራቴ ይጎርሱና ትሪውን ገፋ አድርገው «አልሐምዱሊላህ፣ ጠገብኩ» ይላሉ። እሷም ትሪውን ወጥ ቤት ይዛ ትገባና የተረፈውን ትበላለች። እናቷ ያሳደገቻት እንዲህ ነው፤ ትልቅ ሰው ሳይበላ አይበላም፣ ከበላም በኋላ ፊቱ ተቀምጦ ማኘክ ነውር ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ግቢው ውስጥ ከኒም ዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሳለ፣ ሙሚና ተስፋ ቆርጣ፣ በዕድሜዎ ከበሉት ሁሉ አንዱን እንደገና ያገኛሉ ቢባሉ የቱን ይመርጣሉ ብላ ጠየቀቻቸው። የዶክተር በሽር ፊት በራ። በወጣትነታቸው ለትምህርት ስዊዘርላንድ ሄደው፣ ገጠር ውስጥ አንድ ገበሬ ቤት ተቀምጠው ላም ያክሙ ነበር። ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ ያ ገበሬ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ ሆቴል ወደ ሆነ አንድ የጥንት ባላባት ግንብ ለእራት ወሰዳቸው። ዙሪያው ማሳና ሜዳ፣ ግንቡ ሥር ደግሞ አንገታቸው ላይ ደወል ያንጠለጠሉ ላሞች። እዚህ ላይ የሙሚና ሳቅ አመለጣት፤ ላም ምን በወጣት ደወል የምትሸከመው አለች። እሳቸውም ሳቁ፤ ከሳቁ ስንት ጊዜ ሆኗቸው ነበር።

መጀመሪያ የገብስ ሾርባ መጣ አሉ። ቀጥሎ የሐይቅ ዓሣ፣ ከጎኑ ተፈግፍጎ እንደ ቂጣ በቅቤ የተጠበሰ ድንች። ሁሉም ተራ በተራ፣ ለየሰዉ በየሳህኑ። መብራት እያለ ደግሞ ሻማ ያበሩ ነበር አሉ፤ ይህ ግን ለሁለቱም አልገባቸውም።

በማግስቱ ሙሚና ሳጃና ገበያ ወረደች። እዚያ ትርንጎ የምትባል ያገሯ ልጅ ከኢትዮጵያ የመጣ እህል ትቸረችራለች። የተከካ ገብስ ስጪኝ ስትላት፣ ትርንጎ ማን ወለደ ብላ ጠየቀቻት። አንድ ሽማግሌ ናቸው የወለዱት አለቻት ሙሚና፤ ተሳስቀው ተለያዩ። ዓሣውን ከዓባይ ዳር ገዛች፤ ድንቹን ፈግፍጋ፣ ውሃውን ጨምቃ፣ በቅቤ ስትጠብስ ሁለቱ ተቃጠሉባትና ሦስተኛው ተሳካ።

የምግብ ጠረጴዛው በከበባው ጊዜ ተፈልጦ ምስር ተቀቅሎበታል፤ ወንበሮቹም ከአንዱ በቀር ተከትለውታል። ስለዚህ የተገነጠለ በር ጀሪካን ላይ አጋድማ ነጭ አንሶላ አለበሰችው። ሻማም ለኮሰች። ሻማ እንኳ ለዚህ ቤት ብርቅ አይደለም፤ መብራት ከጠፋ ወዲህ በየምሽቱ የሚበራው እሱ ነው።

ዶክተር በሽር ከመስጊድ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ነገሩ ገባቸው። ጥምጣማቸውን አስተካክለው በአንዲቷ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ሾርባው ቀረበ። ጥቂት ማንኪያ ቀመሱ፣ ማሻአላህ አሉ፣ ሳህኑን ገፋ አደረጉ። ሙሚና ጥርሷን ነክሳ ዓሣውንና ድንቹን አመጣች። ሽማግሌው ድንቹን በቢላ እኩል ከፈሉት፤ ዓሣውንም ከፈሉት፤ ከአንደኛው ግማሽ ላይ እሾኹን አንድ በአንድ ለቅመው ግማሹን ወደ ሳህኑ ዳር አስጠጉት። ሌላኛውን ግማሽ በሉና «አልሐምዱሊላህ፣ ጠገብኩ» አሉ። ሙሚና ሳህኑን ለማንሳት እጇን ዘርግታ፣ አልጣፈጠም ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

ከዚያኛው ይበልጣል አሏት፤ ከዚያም የግንቡን ነገር ሳይጨርሱላት ቀርተው ኖሮ ቀጠሉ። ያን ምሽትም ግማሹን ትተው ነበር። እናታቸው ያስተማረቻቸው፣ ምግብ ሠሪ የሚበላው ከእንግዳ የተረፈውን ስለሆነ ሳህን ጠርገህ እንዳትነሳ ብላ ነው። የግንቡ ወጥ ሠሪ፣ አንዲት ደልደል ያለች ሴት፣ ሳህኑን ስታይ ፊቷ ቀልቶ ወጥታ፣ ምግቤ ምን ሆነና ነው አለች። ገበሬው ምክንያቱን ከሳቸው ሲሰማ እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ከዚያ ምን አለኝ መሰለሽ?» አሉ ዶክተር በሽር። «‹እዚህ ወጥ ቤት ያሉት ቀድመው በልተዋል፤ አንተ ድርሻህን ጨርስ።› ሴትየዋ እጇን አጣጥፋ እስክጨርስ ቆማ ጠበቀችኝ።»

ሙሚና ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። ተለይቶ የተቀመጠውን ግማሽ አየችው፤ እሾኽ የሚባል የለበትም። እሳቸው የበሉት ግማሽ ከነበረበት ቦታ ግን የእሾኽ ክምር አለ።

«ዶክተር፣ ይኼን የሚተዉት ለኔ ነው እንዴ?»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ሻማው መለሱ። 

«በከበባው ጊዜ ውሃ ፈልጌ ወጥ ቤት መጣሁ። የኔን ሳህን በጣትሽ ስትጠርጊ አየሁሽ፣ ያ ቢቲ፣ ልጄ። ድስቱ ባዶ ነበር። አንቺ ግን በየቀኑ ‹የኔ ድርሻ ጓዳ አለ› ትዪኝ ነበር።»

«አሁን እኮ አለ። ጓዳው ሙሉ ነው።»

«ያኔም አለ ነበር ያልሽኝ።»

ወላሂ ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ቃሏ እሳቸው ዘንድ ምን ያህል እንደረከሰ ገባት። እሳቸው ለሷ እያሉ ሲተዉ፣ እሷ የተዉትን እያነሳች ስትበላ፣ እሳቸውም መብላቷን አይተው ይበልጥ ሲተዉላት፣ ምግብ በሞላበት ቤት ሰው ከስቶ ሊያልቅ ነበር። በሳቸው ተናደደች፤ በራሷ ይበልጥ ተናደደች፤ ደግሞ በዕድሜዋ እንዲህ የወደዳት ሰው እንዳልነበረ አወቀች። ድስት ልታጥብ ግን አልሄደችም።

ሳህኑን ፊታቸው መልሳ፣ ወጥ ቤት ገብታ የሾርባውን ድስት እንዳለ፣ የዓሣውን ትሪ እንዳለ፣ ለራሷም ሳህን ይዛ መጣች። ጀሪካን ጎትታ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። እናቷ ብታያት ምን ትል ነበር? ሳህኗን ሞልታ የመጀመሪያውን ጎረሰች፤ አልወርድ አላት፤ በግድ ዋጠችው። ሁለተኛው ወረደ። ሦስተኛው ጣፈጣት፤ ለካ የምግቧን ትኩስ ጣዕም ከረሳችው ቆይታለች። ሽማግሌው ዓይን ዓይኗን እያዩ ነው።

«ወጥ ቤት ያለችው ሰው እየበላች ነው» አለቻቸው። «ያላ፣ ድርሻዎን ይጨርሱ።»

ዶክተር በሽር ያንን የተለየ ግማሽ ወደ ራሳቸው ሳቡት። ቀስ ብለው ጀመሩ፤ ኋላ ግን እጃቸው ፈጠነ። ዓሣው አለቀ፣ ድንቹ አለቀ፣ ሾርባውን ድገሚኝ አሉ። ደገመቻቸው፤ እሷም ደገመች። ትሪው ላይ ለቀረችው አንዲት የድንች ቁራሽ ደግሞ አንቺ ብዪው፣ እርስዎ ይብሉት ተባብለው ተጨቃጨቁና እሷ አሸነፈች፤ ማለትም እሳቸው በሉት።

ስልኩ ጮኸ። ሙሚና በልማድ ብድግ አድርጋ ከፈተችው፤ አፏ ግን ሙሉ ነበር። «አባቴ በላ?» ይላል የረሺዳ ድምፅ። ሙሚና ለመዋጥ ብትታገል አልሆነላትም። «ሙሚና? በላ ወይ?» ድምፁ መፍራት ጀመረ።

ሽማግሌው በበሩ ጠረጴዛ ላይ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ከእጇ ወሰዱት።

«እየበላን ነው» አሉ። ጥቂት አዳመጡና ሙሚናን አይተው ፈገግ አሉ። «ወላሂ እየበላን ነው፤ ቆየት ብለሽ ደውዪ።»