የቆመ ሰሊጥ

ሰሊጥ ምሕረት የለውም። ቅጠሉ ቢጫ ሲል ፈጥነው ካላጨዱት ዛላው ይፈነዳና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ አንዴ ከረገፈ ደግሞ ማን ይለቅመዋል! ይህን ጠንቅቆ የሚያውቀው ገበሬ ሁሌም ከሰው ቀድሞ ያጭዳል፤ ስለዚህም «ቀዳሚው» ይሉታል። አጥር የሚጋራውን ጎረቤቱን ደግሞ «ነገ» ነው የሚሉት። ለምን እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም።

ዘንድሮ የሰሊጥ ዋጋ ወደቀ። ቀዳሚው ሸጦ ያገኘው ለዘሩና ለአጫጆቹ እንኳ በቅጡ አልበቃም። ተስፋው ሁሉ መንግሥት ለቅባት እህል ገበሬዎች እሰጣለሁ ባለው ድጎማ ላይ ነበር። አምና እሱና ሚስቱ ቢቸግራቸው አንድ ሴት ልጃቸውን ከትምህርት አስወጥተው ከተማ፣ ሰው ቤት አስቀጥረዋታል። ድጎማው እንደወጣ ሊያመጧት ቆርጠዋል፤ ለእሷም ነግረዋታል። አይ የዋህነት! ላም አለኝ በሰማይ ይሉት ይህን አይደል?

የክፍያው ቀን የግብርና ቢሮው ጢም ብሎ ሞላ። ነገ ሲጠራ ሰው ሁሉ ሳቀ። ቀዳሚው ተራውን ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ የሚጠራው ሲያጣ ወደ መስኮቱ ተጠጋ።

«እህቴ፣ እኔን ዘለላችሁኝ መሰለኝ።»

ከገንዘብ ከፋይዋ ኋላ የተቀመጠው የማሳ ለኪ ቀና አለ። «አባት፣ የእርስዎን ማሳ መጥቼ አይቼዋለሁ። ምንም የለበትም።»

«አጭጄው ነዋ!»

«እኛ የምንለካው የቆመ ሰብል ነው። በጆንያ ከሆነማ ሰው ከየትም ተሸክሞ ይመጣል።»

«የነገስ? የሱ እኮ ረግፎ አልቋል! የቀረው ባዶ አገዳ ነው!»

«ቆሟል አይደል?» አለ ለኪው።

ቀዳሚው የሰማውን ማመን አቅቶት ዞሮ ሰውን አየ፤ አሁን የሚስቅ አልነበረም። የሰው ያለህ! ሰነፍ ተሸልሞ ጎበዝ ሲቀጣ በየት አገር ታይቷል? ነገ ራሱ ብሩን እንደጨበጠ አፉን ከፍቶ ቆሟል።

«እናቴ ትሙት፣ እኔም ደንግጫለሁ» አለ።

ቀዳሚው እንዴት ቤቱ እንደደረሰ አያውቀውም። ሚስቱ ፊቱን ስታይ ደነገጠች። «ምነው? ምን ሆንክ?» ሳይመልስላት ስልኩ ጮኸ። ልጃቸው ናት።

«አባዬ! ልብሴን አጣጥፌ ጨርሻለሁ። እትዬንም ተሰናብቻታለሁ። መቼ ነው የምትመጣው?»

ምን ብሎ ይንገራት?

«ልጄ... ዘንድሮ አልሆነም።»

«ለምን፣ አባዬ?» አለች።

«የቆመ ለሌለው አይከፈልም አሉ። እኔ አጭጄዋለሁ። ለከርሞ ግን አላጭድም። ለኪው እስኪመጣ ይቆማል።»

«እንዴ! አባዬ፣ አንተ ነህ እንዲህ የምትለው? ይረግፋል እኮ!»

«ይርገፍ» አላት።

ሚስቱ በሁለት እጇ አፏን ያዘች። ሃያ ዓመት አብራው ስትኖር ከዚህ ሰው አፍ ይህ ቃል ሲወጣ ሰምታ አታውቅም።