ለቋሪት ጭቃ የተመረጠ ጎማ

ኢስሃቅ ነገርን ሳይነካካ የማያልፍ ሰው ነው። ከፍኖተ ሰላም ጨርቅ ነጋዴዎች መካከል ጥፍሩ ሥር ግሪስ የማይጠፋው እሱ ብቻ ነው። ባለ ፎርዊሏን ከባድ ቫን ደግሞ ከሱ በቀር ማንም አይነዳትም፤ ሚስቱ ናዚፋ «ሁለተኛዋ ሚስት» ትላታለች።

ሐምሌ ገብቷል። ልጃቸው ራጂያ ቋሪት ውስጥ ገበዝ ማርያም ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ ስምንተኛ ወሯን ጨርሳለች። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ በእናት ቤት ነው የሚወለደው። ናዚፋ አልጋውን አንጥፋ ትጠብቃለች። ቫኗ ግን ባለፈው ሳምንት ቋሪት መንገድ ላይ በሆዷ ጭቃው ላይ ተቀምጣ በስድስት በሬ ተጎትታ ነው የወጣችው። ያኔ ራጂያ ውስጧ ብትሆን ኖሮስ? ኢስሃቅ ይህን ባሰበ ቁጥር ፍርሃት ይይዘዋል።

ቡሬ ሄዶ ጎሚስታው ሙንዲር ዘንድ ቆመ። ሙንዲር ሰፋፊ ጎማዎች እያንከባለለ አመጣ።

«ጋሼ ኢስሃቅ፣ እነዚህን ያስገቡ። ሰፊ ጎማ ጭቃ ላይ አይሰምጥም፣ ይንሳፈፋል።»

«ጭቃው መጨረሻ ከሌለው ልክ ነህ። የኛው ግን ስንት ክንድ ነው?»

«ጭቃም ይለካል እንዴ?» ብሎ ሳቀ ሙንዲር።

ኢስሃቅ አልሳቀም። በማግስቱ ቋሪት መንገድ ላይ ወርዶ ዱላውን ጭቃው ውስጥ ይሰካ ጀመር። ያረጋል የሚባል ገበሬ ቆሞ አየው።

«ምን ጠፋብዎ ጋሼ?»

«የጭቃው መጨረሻ።»

«ኧረ ይኼማ ከክንድ አያልፍም፤ ከሥሩ ድንጋይ ነው።»

ኢስሃቅ ደስ አለው። ከሥሩ ድንጋይ ካለ መንሳፈፍ ምን ያደርጋል? ጭቃውን ቆርጦ ድንጋዩን የሚረግጥ ረጅምና ጠባብ ጎማ ነው የሚያስፈልገው።

ቡሬ ተመልሶ ይህንኑ ሲነግረው ሙንዲር ከጠባቦቹ ትልቁን ከነቸርኬው አሰረለት። መሪውን ጥግ ድረስ አዞሩት፤ ምንም አልነካም።

«በቃ፣ አለቀ!» አለ ሙንዲር።

«ባዶ መኪና ውሸታም ነው» አለ ኢስሃቅ። መናኸሪያው በር ላይ ሥራ ፈተው የቆሙትን አሥራ ሁለት ሰዎች ጠርቶ አስገባ፤ ሁለት ኩንታል በቆሎም ጫነ። መሪውን ሲያዞር ጎማው ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎ ፈቀፈቀው። ሰዎቹን አስወርዶ አንድ ቁጥር ዝቅ ያለውን አሳሰረ፣ ሰዎቹን መልሶ አስገባ፣ አዞረ። አሁን ጎማው ምንም አልነካም። አንደኛው ሰውዬ ግን ቡሬን ሳልዞር አልወርድም ብሎ አስቸገረ።

ቫኗ የቋሪትን ጭቃ ቆርጣ ስታልፍ ኢስሃቅ ብቻውን ጮክ ብሎ «አልሐምዱሊላህ!» አለ። ጤና ጣቢያው በር ላይም እንደ ሙሽራ አጃቢ ጥሩምባ እየነፋ ቆመ።

ራጂያ ወገቧን ይዛ ወጣች። እግሯን አነሳች፤ አልደረሰም። ድሮም ከፍ ያለው መርገጫ በአዲሱ ጎማ አራት ጣት ጨምሯል። ወንበር ቢያመጡላት እግሩ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ። ጭቃ ሲለካ ከርሞ የልጁን እርምጃ አለመለካቱ ኢስሃቅን አሳፈረው።

ከቫኗ በር ሥር ተንበረከከ፤ አንድ ጉልበቱን አቆመ።

«ርገጪ።»

«አባዬ! የአባት ጉልበት ይረገጣል? እኔ አላደርገውም።»

«አንቺ መቼ ሆንሽ? ሆድሽ ውስጥ ያለው እንግዳ ነው የሚረግጠኝ፤ እሱ ደግሞ ገና ነውር አያውቅም።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። እጇን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ ረገጠችው። ከበደችው፤ በዕድሜው እንደዚያ ደስ ያሰኘው ሸክም አልነበረም።