አንቴናው የወደደው መስኮት

"ወደ ግራ! ኧረ ግራ ነው ያልኩህ! በቃ፣ በቃ… አይ፣ አለፈህ!"

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል ትጮኻለች። ሹፌሩ ባሏ ወንበር ላይ ቆሞ አንቴናውን የብረት ቁም ሳጥኑ ላይ ያዟዙራል። የዋንጫው ጨዋታ ሊጀመር ነው፤ ምስሉ ግን አሁንም አሁንም ይቆራረጣል።

"እንደያዝከው ቁም!"

"ዘጠና ደቂቃ ሙሉ?"

በጓዳው በር አማቷ ሸሚዛቸውን እያጣጠፉ ሻንጣ ውስጥ ሲከቱ ይታያሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እዚህ ነበሩ። ነገ ወደ ባዶ ቤታቸው ሊመለሱ ነው። "ሰው ቤት ማጣበብ አልወድም" ብለው ድርቅ አሉ። ልብስ ሰፊዋ ትወዳቸዋለች፤ ብትለምን ብታስለምን አልሰማ አሏት።

ጫጫታው ሲበዛባቸው ብቅ አሉ።

"አንተ፣ ምን ነካህ? ብረት ላይ ሰቅለኸው ከየት ይምጣልህ? ወዲህ በለው!"

አንቴናውን ተቀብለው ወደ ክፍላቸው መስኮት ሲያመሩ ገመዱ በር ላይ አለቀ።

"እንግዲያው ቴሌቪዥኑ ይምጣ!"

ባልና ሚስት ተሸክመው አስገቡት። አንቴናው መስኮቱ ላይ ተቀመጠ፤ ጣቢያዎቹ እንደገና ተፈለጉ፤ ምስሉ ጥርት አለ።

ሻንጣውን መሬት አውርደው ሦስቱም አልጋው ላይ ተደረደሩ። አባባ አፋቸው ተፈታ። ዳኛውን ገሠጹ፤ አሠልጣኙን አባረሩ፤ ነጠላ ጫማቸውን ወለሉ ላይ ደርድረው ከጨዋታ ውጭ ማለት ምን እንደሆነ አስረዷት። ብታውቀውም እንደ አዲስ ሰማቻቸው።

"ቅዳሜም ጨዋታ አለ" አሉ በዕረፍቱ ሰዓት፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው።

ባሏ ፈጠን ብሎ፣ "ከእንግዲህማ አንቸገርም! ያንን ትርፍ ረጅም የአንቴና ገመድ ነገ ፈልጌ እቀጥለዋለሁ። ቴሌቪዥኑ ሳሎን ይመለሳል" አለ።

"አዎ፣ እሱ ይሻላል" አሉ አባባ፤ ድምፃቸው ቀዘቀዘ።

ሚስቱ ገላመጠችው። አልገባውም።

"ውሃ ላምጣላችሁ" ብላ ወጣች። ረጅሙ ገመድ የስፌት መኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ወረቀት እንኳ ሲቆረጥበት የምትጣላበትን የጨርቅ መቀሷን አነሳችና ገመዱን ከመሃል ቆረጠችው። ለማንኛውም ብላ ደገመችው።