ፍሬን ማስተሩ ላይ የተደረገው ራይት

መምህሩ ጡረታ ከወጡ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ቀይ እስክሪብቷቸውን ግን ጡረታ አላወጧትም። ዛሬም ከደረት ኪሳቸው አትለይም። ጋዜጣ ሲያነቡ የፊደል ግድፈት ያርሙባታል፤ የመብራት ቆጣሪ አንባቢው የጻፈላቸውን ቁጥር ሳይቀር ደምረው ቀንሰው ራይት ያደርጉበታል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው መኪናውን ጋራዥ ሲያስገባ ምን ሊያደርግ እንደሚችል መገመት ነው።

መኪናዋ አሮጌ ናት። ሰሞኑን ፍሬን ሲረግጡ እግራቸው እስከ ወለሉ ድረስ ይሰምጥ ጀመር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ምንም አይደል፣ ቀስ እያሉ ይነዷት ነበር። ነገ ማለዳ ግን ባለቤታቸውን ይዘው ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት መውረድ አለባቸው። ሆስፒታሉ ያለው ከታች፣ ከትልቁ ከተማ ነው። ለዓይን ቀዶ ጥገናው ስምንት ወር ወረፋ ጠብቀዋል፤ ባለቤታቸው አሁን ሰውን የሚለዩት በድምፁ ብቻ ሆኗል። ነገ ካለፈ ደግሞ ሌላ ስምንት ወር።

ጠዋት ጋራዥ የሄዱት «የፍሬን ሸራ ቀይርልኝ» ለማለት ነበር። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«መምህር፣ ሸራው ደህና ነው። የሞተው ማስተሩ ነው።» ኮፈኑን ከፍቶ አሳያቸው። ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ብረት ነው፤ ጎኑ በዘይት ርሷል። «ገበያ ላይ ኮፒም አለ፣ ያገለገለም አለ። ለዚያ ቁልቁለት ግን ከኦርጅናሉ በቀር አላስርልዎትም።»

ዋጋውን ሲሰሙ መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። የሁለት ወር ጡረታ! ለታካሚዋ ማረፊያ ብለው ያስቀመጡት ገንዘብ ሊነካ ነው። ቢሆንም «ይሁን» አሉ፤ ሌላ ምን ይበሉ?

መካኒኩ የድሮ ተማሪያቸው ነው። ሰፈሩ ሁሉ «ከሰሉ» ይለዋል፤ ስሙን ያወጡለትም እኚሁ መምህር ናቸው። አባቱ ከሰል ነጋዴ ነበሩና ልጁ ጆንያ ሲያራግፍ አድሮ ይመስል እጁን አጥቁሮ ይመጣል። መምህሩ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ክፍል በር ላይ ቆመው የተማሪውን ሁሉ እጅ ያያሉ። «ከሰሉ መጣ! አልለቀቀም፤ ተመለስና ድገመው!» ይሉታል። ክፍሉ ይስቃል፣ ልጁ ወደ ቧንቧው ይሮጣል። ዛሬ ባለ ጋራዥ ሆኖም ለሰላምታ መዳፉን ሰጥቷቸው አያውቅም፤ አንጓውን ነው የሚዘረጋላቸው። መኪናቸውን አሥራ ሁለት ዓመት ሲጠግን አንድ ቀን ቅሬታ አላሳደረባቸውም።

ታዲያ ጥርጣሬው ከየት መጣ? ከየት ይመጣል፣ ከሁሉ-አወቅ ነዋ! ሁሉ-አወቅ የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ነው። እሱ የማያውቀው ነገር ገና አልተፈጠረም። መካኒኩ ዕቃውን ሊገዛ እንደወጣ መምህሩ ለሁሉ-አወቅ ስልክ ደወሉ።

«ጋሼ፣ ተበሉ!» አለ ሁሉ-አወቅ ገና ሳይጨርሱ። «እኔ የማውቀው ሱቅ በግማሽ ዋጋ አለ። ደሞ ዘዴያቸውን አያውቁም? የራስዎን ይወለውልና መልሶ ያስረዋል፣ ለእርስዎ የሌላ ሰው አሮጌ ያስታቅፍዎታል። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ!»

መምህሩ ስልኩን ዘጉ። ግራ ቀኝ አዩ። የመኪናዋ ኮፈን እንደተከፈተ ነው። በመሐረባቸው ከማስተሩ ጎን ደረቅ ያለች ቦታ ጠረግ አደረጉና ቀይ እስክሪብቷቸውን መዘው አንዲት ራይት አሰፈሩባት። አሁን እስቲ ያታልለኝ ብለው ደስ ብሏቸው ወደ ቤት ሄዱ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናዋን ተረከቡ። ከሰሉ አሮጌ ዕቃ አያስቀርም፤ «ሬሳውን ለባለቤቱ» እያለ ለየደንበኛው ይመልሳል። የመምህሩም በንጹሕ ነጭ ወረቀት ተጠቅልሎ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሏል። ቤት ገብተው ፈቱት። ብረቱ እንደ አዲስ ኩባያ ያበራል። አገላበጡት። ራይቷ የለችም። በመነጽር አዩ፣ ያለ መነጽር አዩ፣ መስኮት ላይ ወስደው አዩ። የለችማ!

ከዚያ በኋላማ መቆሚያ መቀመጫ አጡ። ወጥተው ፍሬኑን ረገጡ፤ ጠንክሯል። «ዘይት ሞልቶለት ይሆናላ!» ኮፈኑን ከፈቱ፤ ማስተሩ ያብረቀርቃል። «ወልውሎት ይሆናላ!» ገቡ። ተቀመጡ። ተነሡ። እንደገና ወጡ። ቁልቁለቱ፣ ሦስተኛው መታጠፊያ፣ እስከ ወለሉ የሚሰምጠው ፔዳል በዓይናቸው ላይ መጣባቸው።

ባለቤታቸው በዳበሳ ልብስ እያጠፉ ሻንጣ ውስጥ ይከታሉ።

«ምነው ዛሬ? ወንበሩ እሾህ አበቀለ እንዴ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«እግርህ ሌላ ነው የሚያወራው። ፈርተህ ከሆነ ይቅር፤ እኔ ጨለማውን ለምጄዋለሁ።»

ይህቺ ቃል አንጀታቸውን በላችው። ብረቱን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወጡ። ሁሉ-አወቅም በር ላይ ጠበቃቸው፤ ነገር ካለ መቼ ይቀራል! «አልነገርኩዎትም?» እያለ እስከ ጋራዡ ድረስ እንደ ከበሮ ሲደልቃቸው ሄደ።

ከሰሉ መኪና ሥር ተጋድሟል። ሁለት ደንበኞች ቆመው ይጠብቁታል።

«ውጣ አንተ ሌባ!» አሉ መምህሩ።

ወይ ጉድ! ሠላሳ ዓመት ሲያስተምሩ እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። መካኒኩ ተንሸራቶ ወጣና ቆመ።

«ይሄ የኔ አይደለም! የኔ ላይ ምልክት አድርጌበት ነበር!»

«በምን?»

«በቀይ እስክሪብቶ!»

ከሰሉ ጥግ ላይ ወዳለው የቤንዚን ሳፋ ተመለከተ። ከዚያ አግዳሚው ላይ ያለውን የአንዱን ደንበኛ አሮጌ ዕቃ አነሣ፤ ቅባት ያንጠባጥባል።

«የሰው ሁሉ ዕቃ እንዲህ እንዳለ ነው የምሰጠው፤ እኚህን ይጠይቋቸው» አለ ወደ ደንበኛው እያመለከተ። «የእርስዎን ግን በቤንዚን አጥበዋለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አጥቤያለሁ። ቆሻሻ ነገር ለመምህሬ አላቀብልም ብዬ ነው።»

«ወሬ!» አለ ሁሉ-አወቅ።

መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ብረቱን ወደ ብርሃኑ አዞሩ። ከጎኑ የተቀረጸ ቁጥር አለ። ከቁጥሩ ጭረት ውስጥ፣ ቤንዚኑ ያልደረሰባት፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ቀይ መስመር አለች። የራይቷ ጭራ ናት። የእጅ ጽሑፋቸውን አያጡትም።

ለሁሉ-አወቅ ድንገት አስቸኳይ ስልክ ተደወለለት። ስልኩ ሲጮኽ የሰማ ሰው ግን የለም።

መምህሩ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አሉ። ያቺን አንዲት ቃል ለመመለስ ምን በሰጡ! «ልጄ...» አሉ። ከሰሉ እንደ ልማዱ አንጓውን ዘረጋላቸው። እሳቸው ግን አልፈው መዳፉን ያዙ፤ በሁለት እጃቸው፣ ከነቅባቱ፣ ጥብቅ አድርገው።

«እትዬን ነገ ሲያወርዱ በሁለተኛ ማርሽ ይውረዱ» አላቸው ዓይናቸውን ሳያይ። «ፍሬኑን አይጠራጠሩት።»

«አልጠራጠረውም።»

እጃቸው እስከ አንጓቸው ጠቁሯል። ከሰሉ በጆግ ውሃና ሳሙና ይዞ መጣና ያፈስላቸው ጀመር። መምህሩ አሹ፣ ተለቃለቁና እጃቸውን ሊያነሡ ሲሉ መካኒኩ ጎንበስ ብሎ መዳፋቸውን አየ።

«አልለቀቀም» አለ። «ይድገሙት።»

መምህሩ ሳሙናውን እንደገና አነሡ።