የአራተኛ ለ ደንብ

እትዬ አባዲት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲያስተምሩ አንድም ቀን «ምርጥ ተሞክሮ» ተብለው አያውቁም፤ ቅርም ብሏቸው አያውቅም። ምርጥ ተሞክሮ ማለት ምን እንደሆነ በትምህርት ቤት ደጅ ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ነገር አንድ ጊዜ ከተሳካ ይቀመራል፣ ይታተማል፣ ቦክስ ፋይል ውስጥ ይገባል። እንግዳ ሲመጣ ይወጣል፣ እንግዳው ሻይና ብስኩቱን ጨርሶ ሲሄድ ተመልሶ ይገባል። እሳቸው ደግሞ ከቦክስ ፋይል ጋር ሳይሆን ከልጆች ጋር መዋል ነው የሚወዱት። ዳሩ ግን የፈሩት ይደርሳል፤ ተሞክሮው የደረሰባቸው፣ ሰው ዓይን ውስጥ ላለመግባት በሚሸሹበት በዚህ ዓመት ሆነ።

እትዬ አባዲት ጆሯቸው አይሰማም።

ጨርሶ ማለቴ አይደለም። ፊት ለፊታቸው ቆሞ፣ አፉ እየታያቸው፣ ረጋ ብሎ የሚናገረውን ይሰሙታል። ከኋላ የሚጠራቸውን ግን አይሰሙም። ከመጨረሻው ዴስክ የሚመልሰውን ልጅም አይሰሙም። ደወል መደወሉን እንኳ የሚያውቁት ልጆቹ ደብተራቸውን ሲከቱ አይተው ነው። የቀኝ ጆሯቸው ከደከመ አምስት ዓመቱ ነው፤ ግራው የተከተለው የዛሬ ሦስት ዓመት። መጀመሪያ ሰሞን ጥፋቱን ሁሉ ከአጥሩ ጀርባ ባለው ብየዳ ቤት ላይ አላከኩ። «ይኼ ብየዳ ቤት እኮ አደነቆረን!» ይላሉ፤ ሌሎቹ መምህራንም «እውነትዎን ነው» ይሏቸዋል። ከዚያ የሰፈሩ መንገድ ሊሰፋ ነው ተባለና በአብነት ሰፈር በኩል ያሉት ቤቶች ሲነሡ ብየዳ ቤቱም አብሮ ተነሣ። ግቢው ጸጥ አለ፣ መምህሩ ሁሉ እፎይ አለ። እትዬ አባዲት ብቻ ሻያቸውን ይዘው ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ ፈርተው ተቀመጡ፤ ሰበባቸው ፈርሶባቸው ነበር።

የሚፈሩት የመምህር ገብረየሱስን ዕጣ ነው። መምህር ገብረየሱስ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ዓይናቸው ሲደክም የቀድሞው ርዕሰ መምህር በብዙ አክብሮት «እስቲ ትንሽ ይረፉ» ብሎ ቤተ መጻሕፍት አስቀመጣቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ሁለት መደርደሪያና አንድ ወንበር ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ቁልፍ ይዘው ተቀመጡ፤ በመስኮት የሚያልፈውን ልጅ ሁሉ እየጠሩ «የስንተኛ ክፍል ነህ?» ይሉታል። ከዚያ ጡረታ ወጡ፤ የትኛው ቀን እንደሆነ እንኳ ማንም ልብ አላለም። እትዬ አባዲት ለጡረታ የቀራቸው አራት ዓመት ነው። ልጆቻቸው አድገው ከቤት ወጥተዋል፤ ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል። ጧት ጧት ከአልጋ የሚያስነሣቸው አራተኛ ለ ነው። እነዚያን አራት ዓመታት ከቁልፍ ጋር ሳይሆን ከልጆቹ ጋር ነበር የፈለጓቸው።

ስለዚህ ደንብ አወጡ። በአራተኛ ለ ተነሥቶ ካለበት ሆኖ መናገር የለም። የሚናገር ሰው ወደ ፊት ይመጣል፤ ፊታቸውን እያየ፣ ሳይቸኩል ይናገራል። እሳቸውም የሰሙትን ለክፍሉ ይደግሙና «ልክ ሰምቻለሁ?» ብለው ይጠይቁታል፤ ልጁ ራሱን ይነቀንቃል ወይም ያርማቸዋል። በመልሱ የተስማማ እጁን አናቱ ላይ ያደርጋል። ተባብሮ መጮህ ክልክል ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ደንብ ኖሩ፤ ማንም አልነቃባቸውም፤ ቢያንስ እሳቸው እንደዚያ ነበር የሚያስቡት።

ነስሪን ሁለተኛ ዓመቷን የያዘች ጀማሪ መምህርት ናት። ጀማሪ መምህር ነባር ይመደብለታል፤ ክፍሉ ገብቶም ያያል፣ ይማራል። ለእሷ የደረሷት እትዬ አባዲት ናቸው። ነስሪን የማትሠራው ነገር የለም። ማታ ማታ በስልኳ የትምህርት ዕቅድ ታወርዳለች፣ ቪዲዮ ታያለች፣ ከየክልሉ ካሉ መምህራን ጋር በቴሌግራም ስትጨቃጨቅ ታመሻለች። በዚሁ ዓመት ደግሞ መምህራን በሙሉ በኢንተርኔት የሚሰጠውን ሥልጠና እንዲጨርሱ ታዘዘ፦ ቪዲዮውን ማየት፣ ጥያቄ መመለስ፣ የምስክር ወረቀት ማውጣት። ነስሪን በሁለት ሳምንት ጨረሰችው። እትዬ አባዲት የመጀመሪያው ቪዲዮ ላይ ቀሩ። ሥዕሉ ያልፋል፣ ድምፅ ብቻ ያወራል፤ የሚናገረው ሰው አፍ የትም አይታይም።

«እትዬ፣ ይኼን ያህል እኮ አይከብድም» ትላቸዋለች ነስሪን ስልካቸውን ተቀብላ።

«ስልክ እኔ አይገባኝም፣ ልጄ። እኛ የጠመኔ ሰዎች ነን።»

ይገባቸው ነበር። ለልጆቻቸው መልእክት ሲጽፉ ነጥብና ሰረዝ እንኳ አይስቱም። ግን ደንቆሮ ከመባል ዘመን የቀደማት መባል ይሻላል ብለው ቆርጠዋል።

አንድ ማክሰኞ ነስሪን ክፍላቸው ገብታ ከኋላ ተቀመጠች። ትምህርቱ መሀል ላይ ስልኳን ከፍ አድርጋ የሆነ ነገር ጠየቀቻቸው። እትዬ አባዲት ያልሰሙት ነገር ሲኖር ሁሉ እንደሚያደርጉት ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። የጠየቀችው «ልቅረጽ? መምህራን የሚያዩት ገጽ ላይ ልጫነው?» ብላ ነበር።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ቪዲዮውን የመምህራን ማረፊያው አይቶ፣ የጥበቃው ሰው አይቶ፣ ከእትዬ አባዲት ጆሮ የደረሰው መጨረሻ ነው። ርዕሰ መምህሩ በሱፍቃድ ቢሮው ጠርቷቸው ስልኩን ሰጣቸው። ሦስት ደቂቃ ነው። ነስሪን «የፊት ለፊት ዘዴ» ብላ ርዕስ ሰጥታዋለች፤ ከሥሩም ዓይናፋር ልጅ እንደሚያደፋፍር፣ የልጁን መልስ መድገም ልጁን ማክበር እንደሆነ፣ እጅን አናት ላይ ማድረግ ዝምተኛውን ሁሉ እንደሚያሳትፍ ጽፋለች። አሥራ አንድ ሺህ ሰው አይቶታል። አንድ የሆሳዕና መምህር «ዓመቱን ሙሉ ድምፁን ያልሰማሁት ልጅ ዛሬ ወጥቶ ተናገረ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብሎ ጽፏል።

እትዬ አባዲት ደስ አላቸው። ውሸት ምን ያደርጋል፣ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በጣም ደስ አላቸው። ከዚያ በሱፍቃድ «ሐሙስ ከአጎራባች ትምህርት ቤቶች ሃያ መምህራን ይመጣሉ፤ ሱፐርቫይዘሩ አቶ ዘርኣብሩክም አሉ። ክፍልዎን ያያሉ፣ ጥያቄ ይጠይቁዎታል» ሲላቸው ስልኩን መለሱለት። ሃያ ሰው ከኋላ ተቀምጦ ሲጠይቅ ጉዳቸው በአንዲት ጥያቄ እንደሚወጣ አወቁ።

ረቡዕ ማታ «አሞኛል» ብለው ሊቀሩ ወሰኑ፤ መልእክቱንም ጻፉት። ሳይልኩት ፋዮ ትዝ አለቻቸው። ፋዮ መስከረም ላይ ከሦስተኛ ክፍል አልፋ ስትመጣ ስሟን እንኳ የማትናገር ልጅ ነበረች። እስከ ኅዳር ድረስ ወደ ፊት ትመጣና ዝም ብላ ቆማ ትመለሳለች፤ እሳቸውም ያዩዋትና «ነገ እንቀጥላለን» ይሏታል። ኅዳር ላይ አንድ ቃል፣ ከዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገረች። «የሐሙሱን ትምህርት የመጀመሪያ ጥያቄ እኔ ነኝ የምመልሰው» ብላ ቃል አስገብታቸዋለች። መልእክቱን አጠፉት።

ሐሙስ ክፍሉ ጢም አለ። ሃያ መምህራን በግድግዳው ጥግ ደብተርና ስክሪብቶ ይዘው ተደረደሩ፤ አቶ ዘርኣብሩክ፣ ሽበትና ግርማ ያላቸው ሰው፣ መጨረሻው ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ነስሪን መስኮቱ ሥር ቆማለች። ትምህርቱ ስለ ውሃ ነበር። እትዬ አባዲት «ዝናብ ሲያባራ መንገዱ ላይ የነበረው ውሃ የት ይሄዳል?» ብለው ጠየቁ። ፋዮ ተነሣች፤ ሃያውን እንግዳ አቋርጣ መጣችና ፊታቸውን አየች።

«አይጠፋም። እኛ አናየውም እንጂ ወደ ላይ ይሄዳል፤ በኋላ ይመለሳል» አለች።

እትዬ አባዲት ለክፍሉ ደገሙት። እጆች አናት ላይ ወጡ። እንግዶቹ ጻፉ። ከዚያ በኋላ ትምህርቱ እንደ ዘወትሩ ሄደ፤ እሳቸውም መፍራታቸውን ረሱት።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ አቶ ዘርኣብሩክ ካሉበት ሆነው መናገር ጀመሩ፤ ስልካቸውን ለመቅረጽ ፊታቸው ላይ ስለያዙት አፋቸው አይታይም። እትዬ አባዲት ፈገግ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰውየው ጠበቁ። ደግመው ጠየቁ። እትዬ አባዲት ደግመው ነቀነቁ። እንግዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጥያቄው በራስ ንቅነቃ የሚመለስ ዓይነት እንዳልሆነ እሳቸው ከእንግዶቹ ፊት ተረዱ። ዘወር ሲሉ ነስሪንን አዩ፤ ልጅቷ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ያን ሁሉ ንቅነቃ አንድ በአንድ እያስታወሰች እንደሆነ ያስታውቃል።

በዚህ መሀል ፋዮ ሳይፈቀድላት ተነሥታ ወደ ኋላ ሄደች። አቶ ዘርኣብሩክ ፊት ቆማ የሆነ ነገር አለቻቸው። ምን እንዳለቻቸው እትዬ አባዲት አልሰሙም፤ በኋላ ነው የነገሯቸው። «ጋሼ፣ እዚህ ክፍል የሚናገር ሰው ወደ ፊት ይመጣል» ነው ያለችው።

ትልቁ ሰውዬ ከዴስኩ በመከራ ወጡ። የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። በፋዮ እየተመሩ በዴስኮቹ መሀል መጥተው እትዬ አባዲት ፊት እንደ ተማሪ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ይህን ዘዴ ከየት አመጡት? ጥያቄዬ ይኼ ነው» አሉ፤ ረጋ ብለው።

አሁን በደንብ ሰሟቸው። መዋሸትም ይችሉ ነበር፤ ሦስት ዓመት የተለማመዱት ነገር ነው። ግን ሃያ ስክሪብቶ ሊጽፍ ተዘጋጅቷል፤ አምኗቸው የጻፈው ያ የሆሳዕና መምህርም ትዝ አላቸው፤ ፋዮም አጠገባቸው ቆማለች። ከእሷ ፊት መዋሸት አልሆነላቸውም።

«ዘዴ አይደለም፣ አቶ ዘርኣብሩክ» አሉ። «ጆሮዬ አይሰማም። ሦስት ዓመቴ ነው። ከክፍል እንዳያስወጡኝ ነው ልጆቹን ወደ ፊት የማስመጣቸው።» ወደ ልጆቹ ዞሩ። «እናንተንም አታልያችኋለሁ። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ፋዮ ቀሚሳቸውን ያዝ አድርጋ ወደ እሷ አዞረቻቸው። ሲያይዋት ነው የተናገረችው።

«ቲቸር፣ እናውቃለን እኮ። ሦስተኛ ክፍል እያለን ነው ትልልቆቹ የነገሩን። ቲቸር አባዲት ጋ ስትደርሱ ፊታቸውን እያያችሁ ተናገሩ፣ ለማንም ግን እንዳትናገሩ ብለው።»

እትዬ አባዲት ከልማዳቸው አልወጡም። ወደ ክፍሉ ዞረው ደገሙት፤ እንባቸው ግን ቀደማቸው። «ፋዮ ያለችው... ‹እናውቃለን› ነው። ልክ ሰምቻለሁ?»

አርባ ሁለት እጅ አናት ላይ ወጣ።

አርብን ከክፍል የሚያስወጣቸውን ደብዳቤ ሲጠብቁ ዋሉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በሱፍቃድ መጣ። በር ላይ ሆኖ አልጠራቸውም፤ እስከ ሰሌዳው ድረስ መጥቶ ፊታቸው ቆመ።

«ማክሰኞ ሐኪም ጋ ይሄዳሉ፤ ቀጠሮ ተይዟል። ክፍሉን ነስሪን ትይዝልዎታለች። ረቡዕ ይመለሳሉ።»

«ወደ ቤተ መጻሕፍት?»

«ወደ አራተኛ ለ፣ እትዬ። ምን ነክቶዎታል!»

ነስሪን ሰኞ ጧት ባለመስመር ደብተር ይዛ መጣች። የሥልጠናውን ቪዲዮ ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያዳመጠች በእጇ ገልብጣዋለች፤ የሚስቁበትን ቦታ ሳይቀር «እዚህ ጋ ይስቃሉ» ብላ ጽፋለች። እትዬ አባዲት ገጾቹን ገለጡና ልጅቷን ሳብ አድርገው አቀፏት። ከዚያ ነስሪን ራቅ ብላ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«ቪዲዮው ሥር ያለውን ጽሑፍ ልቀይረው? እውነቱን ልጻፍ?»

በዚህኛው ጊዜ ሰምተው ነበር ራሳቸውን የነቀነቁት።

በሳምንቱ ነስሪን ስልኳን አመጣችላቸው። ከአዲሱ ጽሑፍ ሥር ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሏል። እሷ ያሳየቻቸው ግን የመጨረሻውን ነው። ፎቶ የለውም። ዮፍታሔ የሚባል፣ የት እንደሚያስተምር ያልገለጸ መምህር ነው። «እኔም አይሰማኝም። ስድስት ዓመቴ ነው። ማንም አያውቅብኝም» ይላል።

ነስሪን መልሱን ልትጽፍላቸው እጇን ዘረጋች። የጠመኔዋ ሰው ስልኩን አልሰጧትም። መነጽራቸውን አደረጉና በአንድ ጣት፣ ነጥብና ሰረዙን ሳይስቱ ጻፉ፦

«ወንድሜ፣ ልጆቹ ያውቃሉ። አይዞህ፣ ወደ ፊት ጥራቸው።»

አንዴ አንብበውት ላኩት።