ሁለተኛው መርዶ

ተዝካሩ የተበላ ሰው ከፊት ለፊት ቆሞ ሲስቅ ምን እንደሚሰማ ለማወቅ የፈለገ ሞጣ ወርዶ ስጦታውን ይጠይቅ። ሌላው ቢያወራ አፉ ነው።

ስጦታው መናኸሪያው አጠገብ የበርና የመስኮት ብየዳ ቤት አለው። ያን ቀን ረፋዱ ላይ የአንድ ነጋዴ የአጥር በር እየበየደ ሳለ አንድ ሰው መጥቶ ብልጭታው ዓይኑን እንዳይወጋው ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዙሮ ቆመ። ስጦታው ደንበኛ መስሎት «ምን ልታዘዝ?» ብሎ የፊት መከላከያውን አነሣ። ሰውዬው ዞረ። ጠጕሩ ሸብቷል፤ ጕንጩ ገብቷል፤ ሁለቱ የፊት ጥርሶቹ የሉም። ሳቁ ግን ያው ነው፣ ትከሻውን ወደ ላይ ሰብቆ፣ ሊሰርቅ የመጣ እንጂ ሊስቅ የመጣ የማይመስል።

ፋንታ ነበር፣ የቢቸናው አብሮ አደጉ። ፋንታ ደግሞ ከሞተ አሥራ ሦስት ዓመት አልፎታል።

መበየጃው ከስጦታው እጅ ወደቀ። «በስመ አብ ወወልድ» ብሎ አማተበ፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ከቆርቆሮው ግድግዳ ጋር ተላተመ።

«ምነው ስጤ» አለ ፋንታ፣ «ሰይጣን ያየህ መሰልህሳ! አውቶቡሱ ሻይ ጠጡ ቢለን ስወርድ ነው ያየሁህ። ቢቸና እንጂ እዚህ ትኖራለህ ብዬ መች አሰብሁ?»

የቆርቆሮውን ድምፅ ሰምቶ ጎረቤቱ ሙሐመድሸሪፍ ከሱቁ ወጣ። ሚስማርና ቀለም የሚሸጥ፣ ምንም ነገር ቶሎ የማያስደነግጠው ሰው ነው። «ማነው?» አለ።

«ፋንታ ነው» አለ ስጦታው።

«የትኛው ፋንታ? ያ በየዓመቱ ለነፍሱ ዳቦ የምታስቆርስለት ፋንታ?»

ስጦታው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሙሐመድሸሪፍ እንግዳውን ከእግር እስከ ራሱ መረመረው፤ ከዚያ ዱካ አውጥቶ አስቀመጠለትና ሻይ አዘዘ። «ጂኒ ከሆነ አይጠጣውም፤ ሰው ከሆነ ደግሞ መንገድ አድክሞታል» አለ። ፋንታ ስኳሩን ቆልሎ ጠጣው። «አልሐምዱሊላህ፣ ሰው ነው» ብሎ ሙሐመድሸሪፍ ወደ ሚስማሩ ተመለሰ።

ፋንታ ግን የዳቦውን ነገር አልለቀቀውም። «በየዓመቱ? ለኔ? ታዲያ የኔ ድርሻ የታለ?» እያለ ሳቀ። ሞተ ተብሎ እንደ ተወራ ከዚያ በፊት እንዳልሰማ ያስታውቃል፤ ሆኖም ከመደንገጥ ይልቅ ደስ ደስ አለው። በሰው ይህን ያህል መታሰቡን በቁሙ የሚያይ ስንቱ ነው? በሱዳን በኩል ሊቢያ ገብቶ እስር ቤት እንደ ቆየ፣ ኋላ ካርቱም ተመልሶ መኪና ሲያጥብ እንደ ኖረ፣ ጦርነቱ ሲነሣ በመተማ እንደ ወጣ ባጭሩ ነገረው። ለምን አልደወልህም ቢለው «ምን ይዤ? ባዶ እጄን ድምፄን ላሰማ?» አለ። ከዚያ ፋንታ፣ ስጦታው ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲፈራው የነበረውን የእናቱን ነገር ጠየቀ።

«እሜ እንዴት ናት?»

«ደኅና ናቸው» አለ ስጦታው።

እንግዲህ ይህን የሰማ ሰው ስጦታውን ውሸታም ይለው ይሆናል። በኛ አገር ግን መርዶ በመንገድ አይነገርም። ሰው ከሩቅ ሲመጣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያርፋል፤ ሲነጋጋ፣ እንቅልፉን ሳይጨርስ፣ ዘመድና ሽማግሌ ከብቦት፣ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። የከተማ ሰው ይሄን እንደ ማታለል ይቈጥረዋል፤ ይቍጠረው። መንገድ ላይ የተሰበረን ልብ ማን ይሰበስበዋል? ስለዚህ የፋንታ እናት የእትዬ ይርጋነሽ ሞት መናኸሪያ በር ላይ፣ በሻይ ብርጭቆ ላይ ሊነገር አይችልም ነበር።

የስጦታው ጭንቅ ግን ሥርዓቱ ብቻ አልነበረም።

ፋንታ በሄደ በሁለተኛው ዓመት አንድ ከሱዳን የተመለሰ ልጅ ለስጦታው ደወለለት። እነ ፋንታን የጫነው መኪና በረሃ ላይ መንገድ ስቶ ሁሉም በውኃ ጥም አለቁ አለው። ስጦታው እያለቀሰ ወደ እትዬ ይርጋነሽ የንስሐ አባት ወደ መምሬ ኃይለ ጊዮርጊስ ሮጠ። መምሬ ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ፤ ሽማግሌዎቹም እንደ ደንቡ «ተጣርቷል ወይ? አስከሬኑን ያየ አለ?» ብለው ጠየቁት። ያልተጣራ መርዶ ይዞ የሰው በር አይንኳኳማ። ልጁ አላየም፤ ሰምቶ ነበር። ስጦታው ግን ያን የሚያህል ሸክም ብቻውን ይዞ ማደር አቃተውና «ያየው ሰው ነው የነገረኝ፤ እኔ እንዳየሁት ቍጠሩት» አለ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሄዱ።

እትዬ ይርጋነሽ ሽማግሌዎቹን አላመኗቸውም። ካህኑንም አላመኑም። «ስጦታው ይንገረኝ፤ እሱ ለልጄ ክፉ አይመኝለትም» አሉ። ነገራቸው፤ አመኑ።

ከዚያ የባሰው ቆይቶ መጣ። ሊጠይቃቸው በሄደ ቍጥር እንዴት እንደ ሞተ ይጠይቁታል። አላውቅም ማለት አይችልም፤ ያየ ሰው ነገረኝ ብሏላ። አንድ ቀን «ሳይሞት ውኃ አጠጥተውታል» አላቸው። ሌላ ቀን «ግራር ሥር ነው የቀበሩት» አለ። ሌላ ቀን «እሜን አደራ ብሏል» አለ። «ተመስገን፣ ውኃ ቀመሰልኝ» እያሉ አመሰገኑ፤ ምግብ ግን እየተዉ ሄዱ። የያዛቸው በሽታ አልነበረም። የልጃቸው ሙት ዓመት ሳይደርስ ዐረፉ። ቃሬዛውን ከፊት የያዘ ስጦታው ነው። ከዚያ ወዲህ ቢቸና አልኖርም ብሎ ሞጣ ገባ።

አሁን ፋንታ ዱካው ላይ ተቀምጦ ስኳር ይልሳል። ፋንታ ካልሞተ እትዬ ይርጋነሽ በማን ኀዘን ሞቱ? ስጦታው ይህን ሲያስብ ከሞተ ጓደኛ በሕይወት ያለው የበለጠ አስፈራው። በልቡም፣ እግዜር ይቅር ይበለውና፣ ምነው ባልመጣ አለ። ወዲያው ደግሞ በራሱ አፈረ።

ከሱቁ ጀርባ ሄዶ ለመምሬ ደወለላቸው። እግዜር ሲል ኔትወርኩ ነበረ። መምሬ ነገሩን ከሰሙ በኋላ «በል ይዘኸው ና፤ እኔ ቤት ይደር። ሲነጋ እንነግረዋለን» አሉ። ቀጥለውም «የምትነግረው አንተ ነህ» አሉት።

«እኔ? ለምን እኔ አባቴ?»

«ያኔስ ለእናቱ መርዶውን የነገረ ማን ነበር?»

አውቶቡሱ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፋንታ ለእናቱ የገዛውን ነጠላ ጉልበቱ ላይ አድርጎ እስከ ግንደወይን ድረስ አንድም ጊዜ አፉ አላረፈም። ማን አገባ፣ ማን ወፈረ፣ ያ በኩርኩም የሚላቸው የሒሳብ መምህር አለ ወይ፣ ከወንዝ ዳር ጓያ ሲሰርቁ የያዛቸው ሰውዬ አሁንም ይቈጣል ወይ። ስጦታው መለሰለት፤ ሳያስበው ሳቀም። ለጥቂት ጊዜ ተማሪዎች ሆነው፣ ለቅዳሜና እሑድ ስንቅ ሊያመጡ የሚሄዱ መሰለው። ደብረ ወርቅን ካለፉ በኋላ ፋንታ ድንገት ወደ እሱ ዘወር አለ።

«እኔ ምልህ፤ እኔስ እንዴት ሞትሁ?»

«ተወው እባክህ።»

«የራሴን ሞት መስማት ተከለከልሁ?»

ስጦታው ነገረው። መኪናው እንደ ጠፋ፣ ውኃ እንዳጠጡት፣ ግራር ሥር እንደ ቀበሩት። ፋንታ በግራሩ ሳቀ። «ግራር? ስጤ፣ አሸዋ እኮ ነው! ጥላ የት አለና?» ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ሞተ። ነጠላውን በጣቱ እየነካካ «ውኃ ጠጥቼ ነው የሞትሁት?» አለ።

«አዎ።»

«ደግ አደረግህ። ያ መኪና እውነት ነው። ቦታ ጠቦ እኔን ወደ ኋለኛው መኪና አሳለፉኝ። በማግስቱ ስንደርስባቸው አየኋቸው። ውኃ የቀመሰ አንድም አልነበረም።»

ከኋላቸው አንዲት ሴት ዶሮዎቿን ዝም ለማሰኘት ትጣጣራለች። ፋንታ በመስኮቱ የጤፉን ማሳ ሲያይ ቆየና «እሜ አመነች?» አለ።

«አመኑ።»

«ማን ነገራት?»

«እኔ።»

«አንተ ከሆንህማ ታምናለች» አለ ፋንታ። «አሁን ስታየኝ እንዴት ትሆን ይሆን?»

ስጦታው ያን ጊዜ ሊነግረው አፉን ከፈተ። እውነት ነው፣ ከፈተ። ግን አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ሰው ሞልቷል፤ ቢወድቅ የሚወድቅበት ቦታ እንኳ የለም። አፉን መልሶ ዘጋ።

ቢቸና እንደ ደረሱ ፋንታ በቀጥታ ወደ እናቱ ቤት ልሂድ አለ። የመምሬ ባለቤት አመተ ሥላሴ ግን ደጃፍ ላይ ተቀበለችውና «እናትህ ጸበል ናት፤ ነገ ትመጣለች» አለችው። ስታቅፈው ሥጋ መሆኑን ለማረጋገጥ ትከሻውን ቈንጠጥ ስታደርገው ስጦታው አይቷል። አበሉት፣ አጠጡት፣ እግሩን አጠቡት። የሰፈር ሴቶች እየገቡ ያዩታል፤ ሲወጡ አፋቸውን በነጠላቸው ይይዛሉ። እሱም ይሄ ሁሉ ለኔ ነው ብሎ ደስ አለው፤ ድካሙም ነበረና እንደ ሕፃን ተኛ።

ሲነጋጋ ሽማግሌዎቹ ገቡ። ከያኔዎቹ የሞቱት ሞተው የቀሩት ናቸው። ፋንታ ዓይኑን ሲገልጥ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ዙሪያውን ቆመዋል። የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ሰው በጧት ተሰብስቦ ዝም ሲል ምን እንደሆነ አያጣውም። ተነሥቶ ተቀመጠ።

«ማናት?» አለ።

መምሬ ስጦታውን አዩት። ስጦታው ቀረብ አለ። «እትዬ ይርጋነሽ ናቸው ፋንታዬ። ዐርፈዋል። ቆይቷል።»

አንዲት ሴት ልትጮኽ ስትል ፋንታ እጁን አነሣ። አላለቀሰም። «ማን አየ?» አለ።

«እኔ። ቃሬዛቸውን የያዝሁ እኔ ነኝ።»

«እኔንም እኮ ግራር ሥር ቀብረኸኝ ነበር።»

ፋንታ ወደ መምሬ ዞረ። «የኔን ፍትሐት ያደረሱት እርስዎ አይደሉም?»

«ነኝ ልጄ» አሉ መምሬ፤ አንገታቸውን ደፉ።

«ተዝካሬን የበላችሁትስ እናንተ አይደላችሁ?» ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። «እናንተ እኮ ሰው ሳይሞት ትቀብራላችሁ።»

ጫማውን አጥልቆ ወጣ። ሰዎቹ ተከተሉት። ያዘነን ሰው መያዝ ያውቁበታል፤ ያላመነን ሰው ግን ከየት በኩል ይይዙታል? ስጦታው «ፋንታ፣ በማርያም» እያለ ከጎኑ ይሮጣል። እውነት ለመናገር በሕይወቱ እንደዚያ የፈለገበት ጊዜ የለም፤ አንድ ሰው እንዲያምነው ብቻ። ፋንታ ግን ዞሮም አላየው፤ ልጅ ሳለ የሚሮጥበትን ቀጭን መንገድ ይዞ ወርዶ የቤታቸው አጥር ደረሰ።

«እሜ!» ብሎ ተጣራ። «እሜ፣ ክፈችልኝ! እኔ ነኝ!»

በሩ ተከፈተ። ቤቱን የተከራየች የአስተማሪ ሚስት ናት፤ ግቢ ስትጠርግ ነበርና መጥረጊያዋን እንደያዘች ብቅ አለች። ወደ አገሩ ከመጣች ዓመት አይሞላትም፤ ከሱ ኋላ የሚመጣውን ሰው ገና አላየችም።

«ማንን ፈልገህ ነው ወንድሜ?»

«እትዬ ይርጋነሽን።»

«ውይ፣ አልሰማህም እንዴ? እሳቸው እኮ ከሞቱ ቆዩ» አለች፣ ለማንም መንገደኛ እንደሚነገረው ነገር። «አንድ ልጅ ነበራቸው፣ በረሃ ሞተ ተብሎ መርዶ መጣባቸው። በሱ ኀዘን እህል አልቀምስ ብለው ነው የሞቱት ይላሉ።»

ፋንታ አመነ። ከካህኑ፣ ከሽማግሌው፣ አብሮት ካደገው ጓደኛው ያልተቀበለውን፣ ስሟን ከማያውቃት ሴት አፍ፣ በመንገድ ላይ ቆሞ ተቀበለው። መጀመሪያ ግንባሩ መሬት ነካ፤ ድምፁ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስጦታው ሊያነሣው እጁን ሲሰድ ክንዱን መነጨቀው።

«ተው! አንተ አትያዘኝ!»

ሽማግሌዎቹ ደርሰው በብብቱ ያዙት። ስጦታው ራቅ ብሎ ቆመ፤ እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ሴትየዋ ደንግጣ መጥረጊያዋን ደረቷ ላይ ይዛ ወደ እሱ ተጠጋች።

«ምናቸው ነው?» አለችው ቀስ ብላ።

«ልጃቸው ነው።»

«እንዴ፣ ሌላ ልጅም ነበራቸው?»

«የለም» አለ ስጦታው። «ያላቸው እሱ ብቻ ነበር።»